ብልሽቱ በልክ ይሁንልኝ አለኝ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ድምፅ እንዳይሻክር ስታገል ነው። የሐብሩ ገበሬ ሬዲዮውን በፎጣ ጠቅልሎ መርሳ ድረስ ያመጣልኝ የነበረው፣ "ጌታው፣ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ጉሮሮው ተናንቆታል፣ እስቲ አጥሩልኝ" ሊለኝ ነበር። እኔም የተቀደደውን የስፒከር ወረቀት ለጥፌ፣ የደከመውን ኮንደንሰር ቀይሬ፣ ድምፁን ኩልል አድርጌ እመልስለታለሁ። ያኔ ባለሙያ ማለት የሻከረውን የሚያለሰልስ ነበር። አሁን ዓይኔ ደክሞ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ "በቃ አረፍኩ" ስል የልጅ ልጄ መጣና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አባባ፣ ድምፁ በደንብ አልተበላሸም፤ እስቲ ይዩልኝ።"

በደንብ አልተበላሸም! ተበላሸብኝ የሚል ሰው ሞልቶ ነበር፤ መበላሸት አቃተው ብሎ የከሰሰ ግን ከዚህ በፊት ደጄን አልረገጠም። "እንዴት ሆኖ እንዲበላሽ ነው የፈለግኸው?" ብለው፣ "በልኩ" አለኝ። ማታ ወልዲያ ላይ አምሮበት ተበላሽቶ ነበር አሉ። መርሳ ወርዶ እኩለ ቀን ላይ ሲሞክረው ግን ብልሽቱ ተበላሸ። እንግዲህ ጠግን ተብዬ የተሰጠኝ ይሄ ነው፤ የብልሽት ብልሽት።

ዕቃው ፈዝ ይባላል። በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚገባ፣ ጊታሪስቱ በእግሩ የሚረግጠው፣ እነሱ ፔዳል የሚሉት ትንሽ ሳጥን ነው። የእኔው ሰው ሳጥን መግዣ ስላልነበረው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አጥቦ፣ ጎንና ጎኑን በስቶ፣ አናቱ ላይ ማብሪያ ተክሎበታል። ባለቤቴ የምግብ ዕቃ በጫማ ሲረገጥ ስታይ "ኧረ የምን ጉድ ነው!" ብላ ፊቷን አዙራ ጓዳ ገባች። እውነቷን ነው።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። ከጊታር የሚመጣው ድምፅ የሚወጣና የሚወርድ ለስላሳ ሞገድ ነው። ይህ ቆርቆሮ ሞገዱን ከሚገባው በላይ ያጎላዋል። ከባትሪው አቅም በላይ ማጉላት ደግሞ ስለማይቻል የሞገዱ አናትና ግርጌ ይቆረጣል። አናቱ የተቆረጠ ሞገድ ይሻክራል፣ ይንጫጫል፣ ቶሎም አይሞትም፤ አንዴ የተመታ ክር ቡናው ተፈልቶ እስኪቀርብ ሲያለቅስ ይቆያል። እኛ ቤት ይህ በሽታ ነበር። ደንበኛ ገንዘቤን መልስ ብሎ አንገት ለአንገት የሚያናንቅ በሽታ!

ከሜዳ ተነስቼ አይደለም በሽታ የምለው። የዚህ ዕቃ የዘር ሐረግ ራሱ ከብልሽት ይጀምራል። እ.አ.አ. በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ "ዶንት ዎሪ" የሚባል ዘፈን አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ ሲቀዳ፣ የመቅጃው ጠረጴዛ አንዱ መስመር ተበላሽቶ የግሬዲ ማርቲን ባስ ጊታር እየተንጫጫ ተቀዳ። እኔ ብሆን ፒንሳዬን አንስቼ ነበር የምሮጠው። እነሱ ግን ወደዱት! የድምፅ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት በትራንዚስተር አስመስሎ ሠራው፤ በ1962 የጊብሰን ኩባንያ "ማይስትሮ ኤፍ ዜድ 1" ብሎ ለገበያ አቀረበው። ጊታርን ጥሩምባ ያስመስላል ተብሎ ነበር የሚሸጠው። በ1965 የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ "ሳቲስፋክሽን" ላይ ሲረግጠውም ቦታ መያዣ አድርጎት ነበር፤ በኋላ በእውነተኛ ጥሩምባ ሊተካው። ሳይተካው ዘፈኑ ወጣና ዓለም አበደ።

እኛኮ እውነተኛ ጥሩምባ ነበረን! ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች እ.አ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ የነሐስ መሣሪያ ርቦን አያውቅም። የጠገበ ሰው ቆርቆሮ ረግጦ ጥሩምባ ያስመስላል? ይህን ብዬ ስቆጣ ልጁ ይስቃል። እ.አ.አ. በ1966 ለንደን ላይ አይቨር አርቢተር የሚባል ነጋዴ የማይክሮፎን መቆሚያ እግር አይቶ፣ በዚያ ቅርጽ ክብ አድርጎ ያሠራው "ፈዝ ፌስ" የሚባል አለ። ጂሚ ሄንድሪክስ የረገጠው እሱን ነው። ውስጡ ሲታይ ግን ያሳዝናል፤ ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ኮንደንሰር፣ ሁለት ማዞሪያና አንድ የ9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ ከአንድ ሬዲዮ ሆድ ጠርጌ እጥል ነበር። የእኔው ቀበጥ የቀዳውም ይህንኑ ነው።

ትራንዚስተሮቹ ከየት መጡ ካላችሁ፣ ከእኔ መሳቢያ። ባለቤቴ "ቆሻሻ"፣ ልጆቼ "የአባባ መቃብር" እያሉ፣ የበዓል ጽዳት በመጣ ቁጥር ሊጥሉት ሲሉ እየተጋደልኩ ያተረፍኩት መሳቢያ ነው። ውስጡ ከሞቱ ሬዲዮዎች የወለቁ ኤሲ 128 የሚባሉ ባለ ብረት ቀፎ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች አሉ። አንድ ቀን ልጁ ከፍቶ አየና ጮኸ። "አባባ፣ ቪንቴጅ ነው! ውጭ አገር ይሄ በዶላር ነው የሚሸጠው!" ስንት ዘመን ቆሻሻ የነበረው በአንድ ጩኸት ቪንቴጅ ሆነ። ለእኔ ግን ዶላሩ ቀርቶ አንድ ብር አልደረሰኝም። መርጦ፣ ኪሱ ከቶ፣ "ኑሩልኝ" ብሎ ሄደ።

ቆርቆሮው መርሳ ላይ ሲታነቅ መጀመሪያ የመጣው የሰፈሩ ምርመራ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ "ዓይን ነው፤ ወልዲያ ሰው ፊት ተጫውቶበት የለ?" አለች። ሌላዋ ጭስ አመጣች። እኔ ምርመራ የምጀምረው ከባትሪ ድንጋይ ነው፤ ሌላው ሰው ደግሞ እዚያው ጀምሮ እዚያው ይጨርሳል። ነገር የተበላሸበት ሁሉ "ድንጋዩ ነው" ብሎ ይፈርዳል። ልጁም አንዷን ጥሎ ሌላ ገዛ፣ እሷንም ጥሎ ሌላ ገዛ፤ ከኔ ኪስ መሆኑ ነው። የባትሪ ድንጋይ ማለት ለእኔ ቀልድ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መብራት ሲጠፋ፣ ወሬ የምንሰማው በድንጋይ ሬዲዮ ነበር። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣን፣ በጥርስ ጨመቅ እያደረግን አንድ ቀን እንዲጨምርልን የለመንን ሰዎች ነን። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ባትሪ ድንጋይ ለጩኸት ሲነድ ማየት ያማል።

እርግጥ ድንጋይ የሚያከብሩ ሙዚቀኞችም አሉ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ታክሲ በሚነዳበት ዘመን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ይለማመድ ነበር። ይሄ ነው የድንጋይ ወግ! ኤሪክ ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ጊታሪስት ደግሞ የባትሪው ዓይነት ሲለወጥ የድምፁ ልዩነት ይሰማኛል ይላል፤ እሱ እንኳን በዛበት፤ ድንጋይ ማጣጣም የጀመረ ሰው ነገ ምን እንደሚያጣጥም አይታወቅም።

ለማንኛውም ድንጋዩን ለካሁት፤ ጤነኛ ነው። አዲስ የ9 ቮልት ድንጋይ ሲለካ ከ9 ትንሽ አለፍ ይላል፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ይህ ቆርቆሮ የሚጠጣው ኃይል አንድ ሚሊ አምፔር ቢሆን ነው፤ ወራት ሊሠራ ይችላል። የሚገድለው ሌላ ነገር ነው። ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ራሱ ማብሪያ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ ቆርቆሮው ቢረገጥም ባይረገጥም ድንጋዩን ይበላል። ልጁ ገመዱን ሰክቶ ያድራል። "ንቀለው" ብለው "እሺ" ይላል። እሺ ማለትን የመሰለ የድንጋይ ጠላት የለም።

ቀጥሎ "ድንጋይ ከሚፈጅ አዳፕተር ላድርገው" አለ። ከአንድ ሱቅ ገዝቶ መጣ፤ ላዩ ላይ 9 ቮልት ይላል። ለካሁት፤ ከ12 ቮልት በላይ! ውስጡ መቆጣጠሪያ የሌለው አዳፕተር 9 የሚሰጠው ከባድ ሥራ ሲጫንበት ብቻ ነው። አንድ ሚሊ አምፔር ለሚጠጣ ቆርቆሮ ሲሰካ ሥራ የፈታ ጎረምሳ ነው፤ ጉልበቱን የሚያደርግበት ያጣል። በዚያ ላይ የግድግዳው መብራት ራሱ 220 ተብሎ ይጻፋል እንጂ መንደሩ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ማን አየው? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋት አልፎ ይጎትታል። ምጣዱ ሲጣድ አምፖሉ ይቀላል፣ አዳፕተሩ ይወርዳል፤ እንጀራው ሲወጣ ይመለሳል። እንዲህ እየሆነ ልጁ የጎረቤትን ጋገራ በጊታሩ ያሰማን ጀመር። በመሃሉም "እምምም" የሚል ድምፅ አለ፤ ተጣርቶ ያላለቀ የመብራት ጉርምርምታ ነው፤ ድንጋይ ይህን አያውቅም።

ይባስ ብሎ አዳፕተሩን ለጓደኛው ሌላ ፔዳል አካፍሎ ሰካውና ሁለቱም ዝም አሉ። ኤሲ 128 ፒኤንፒ የሚባለው ወገን ነው፤ በዚህ አሠራር የድንጋዩ ፖዘቲቭ ነው ከቆርቆሮው አካል ጋር የሚገናኘው። የሌላው ፔዳል አካል ደግሞ ከኔጌቲቭ ጋር ነው። ሁለቱን በአንድ አዳፕተር አንድ ላይ ማሰር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን ማጋባት ማለት ነው። ይህ ጋብቻ ሽማግሌ አይፈታውም። አዳፕተሩን ነቅዬ መሳቢያዬ ከተትኩት፤ ሃምሳ ዓመት ይቆይና እሱም ቪንቴጅ ይሁን።

መለኪያውም የራሱ ጉድ አለው። ልጁ የያዘው ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ቴስተር ነው። ያችኑ ድንጋይ ሲለካ 11 ቮልት አለኝ። ዘጠኝ ብሎ ሸጦ አሥራ አንድ የሚሰፍር ደግ ነጋዴ ወልዲያ ገበያ ላይ አለ እንዴ? የዚህ ዓይነት ቴስተር የራሱ ድንጋይ ሲደክም ከእውነቱ አብልጦ ያነባል። ራሱ የተራበ መለኪያ ሌላውን ሁሉ ጠግቧል ይላል። ይህ ጠባይ ከቴስተር አልፎ የት የት እንደሚገኝ ለአንባቢ እተወዋለሁ። የቴስተሩ ድንጋይ ሲቀየር ነው ሁላችንም ወደ ሐቁ የተመለስነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ገባሁ። በዚህ አሠራር ሦስት ቦታ ይለካል። ድንጋዩ ላይ 9፣ በመጀመሪያው ትራንዚስተር ኮሌክተር በሚባለው እግር ላይ ከ1 ቮልት ያነሰ፣ በሁለተኛው ኮሌክተር ላይ 4.5 አካባቢ። ይህቺ 4.5 ናት የነገሩ ልብ። የ9 ግማሽ በመሆኗ ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል መፈናፈኛ ያገኛል፤ ሲቆረጥም ሁለቱም በኩል ይቆረጣል። ከእሷ ሲርቅ በአንድ በኩል ብቻ ታጭዶ ይንተፋተፋል፤ ቀስ ብለው የመቱት ክር ጭራሽ አይሰማም። ጠዋት፣ ጀንበር ገና ሳትበረታ ለካሁት፤ 4.5። "ምን ሆንክ ታዲያ?" አልኩት ቆርቆሮውን። እኩለ ቀን ላይ፣ መርሳ ማንጎ በምታበስልበት ሰዓት፣ ደግሜ ለካሁት፤ 6ን አልፏል። ድንጋዩ ያው፣ ብየዳው ያው፣ ቴስተሩ ያው።

ልጁ "ብየዳው ለቆ ይሆናል" ብሎ መበየጃውን አነሳ። እጁን መታሁት። ትኩስ ብረት ትራንዚስተር እግር ላይ አሳርፎ ወዲያው መለካት ትኩሳት ያለበትን ሰው ምድጃ ዳር አስቀምጦ ቴርሞሜትር መስጠት ነው፤ እስኪበርድ ካልጠበቁት የሚነበበው ቁጥር ውሸት ነው። ይልቅ ቴስተሩን ሁለተኛው ኮሌክተር ላይ ሰክቼ፣ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን በመጀመሪያው ትራንዚስተር የብረት ቀፎ ላይ አሳረፍኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም፣ ምንም አላዞርኩም፤ ያዝ ብቻ አደረግሁት። ቁጥሩ መንፏቀቅ ጀመረ። 6.1፣ 6.2፣ 6.3... ለቅቄው እፍ አልኩበት፤ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ወረደ። እንደገና ያዝኩት፤ እንደገና ወጣ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ ያ ሁሉ ድንጋይ ተፈርዶበት የተጣለው በሙቀቱ ጥፋት ነበር።

የጀርማኒየም ይህ አመል ዛሬ የተገኘ አይደለም። እ.አ.አ. በታኅሣሥ 1947 ቤል ላብስ ውስጥ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሲሠራ በጀርማኒየም ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ሙቀት ጠላቱ ነው። በር ሲዘጋበት ጨርሶ አይዘጋም፤ እንደ አሮጌ እንስራ ጥቂት ጥቂት ያዠዋል። ይህ የሚያዠው ኃይል ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ እጥፍ ይጠጋል። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሲያዥ ሁለተኛውን ያደክመዋል፣ የደከመው ሁለተኛ ኃይል መሳብ ይቀንሳል፣ ኮሌክተሩ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ድንጋዩ ቁጥር ይሸሻል። ዓለም ሁሉ ጀርማኒየምን ትቶ ወደ ሲሊኮን የሄደበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እንግዲህ ወልዲያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ መርሳ 1,600 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወሬ ተጀምሮ ሳያልቅ ይደረሳል። ሰው ሹራቡን አውልቆ ይወርዳል። ትራንዚስተር ግን የሚያወልቀው ሹራብ የለውም።

"ሲሊኮን አድርግበታ!" አልኩት። እ.አ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፈዝ ፌስም ራሱ ቢሲ 108 ወደሚባል ሲሊኮን ዞሮ ነበር። ልጁ ፊቱን ቋጠረ። "አባባ፣ ሲሊኮን ድምፁ ስል ነው፤ ጀርማኒየም ሞቅ ያለ ነው።" ሞቅ ያለ! ሙቀት አልችል ብሎ ሲንተፋተፍ ከርሞ ደግሞ የሚወደደው በሞቅታው ሆነ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። የኛ ሙዚቃ ማሻከር አያውቅም፣ የሻከረ ድምፅ ያደፈ ድምፅ ነው አልኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ በትሕትና፣ "አባባ፣ በገናስ?" አለኝ። ዝም አልኩ። የበገና ጅማት ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያች ቆዳ ናት ጅማቱ ሲመታ እንዲንዘረዘር፣ ድምፁ እንዲረዝምና እንዲጎረብጥ የምታደርገው። አሥር ጅማት፣ ለየጅማቱ እንዚራ። አባቶቻችን ድምፁን ሆን ብለው ነው ያሻከሩት። "እንዚራም ካለቦታዋ ፈቀቅ ካለች በገናው ዝም ይላል ወይም ይጮኻል፤ ደርዳሪው ፈልጎ ፈልጎ ነው ልኳን የሚያገኛት፤ የእርስዎ 4.5 ማለት እሷ ናት" አለኝ። ይህን ማን አስተማረው? እንዚራ ድንጋይ አትጠይቅም፣ መርሳ ወርዳም አትታመም ብዬ መለስኩለት። ይሄን መልስ ማንም እስካሁን አላፈረሰብኝም።

ደግሞ ሌላ አመጣ። ፈዝ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲገባበት ይደባልቃቸውና ያልተመታ ሦስተኛ ድምፅ ይወልዳል፤ ኮርድ ላይ ጭቃ ነው። አምባሰልና ባቲ ግን በአምስት ድምፅ፣ በአንድ መስመር የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ስለዚህ ፈዝ ከማንም ይልቅ ለወሎ ይሆናል አለ። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ሰላም ስዩምን ጠቀሰ፤ እ.አ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ጋር የተቀዳውን የማሕሙድ አሕመድን "ኧረ መላ መላ" ጠቀሰ። እነዚያን ሸክላዎች ለእኔ ሊነግረኝ! የማጫወቻው መርፌ ሲደነዝዝ ድምፁ እንዳይሻክር መርፌ የምቀይርላቸው እኔ ነበርኩ። አሁን እሱ መርፌው እንደ ደነዘዘ ይቅር ባይ ነው።

ክርክር ሲያልቅበትና ሲያልቅብኝ ሥራዬን ሠራሁ። በሁለተኛው ኮሌክተር ላይ ያለችውን ቋሚ የ8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አወጣሁና በምትኳ የምትዞር አስገባሁ። ሙቀት ቁጥሩን ሲያስወጣው እሷን ከፍ ማድረግ ነው፤ ወደ 4.5 ይመለሳል። ሲበርድ ዝቅ። ትራንዚስተሮቹንም በመደዳ ለካሁና ከሁሉ ያነሰ የሚያዠውን መርጬ መጀመሪያ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፤ የዚያኛው ማዠት ነው ሁሉን የሚያናጋው። የማዞሪያዋን እጀታ ወደ ውጭ አውጥቼ ቆርቆሮው ላይ በምስማር ጫርኩበት። በአንደኛው ጫፍ "ወልዲያ"፣ በመሃል "ሲሪንቃ"፣ በሌላኛው ጫፍ "መርሳ"። ሁሉ ነገር በሚዋዥቅበት አገር የማይነቃነቅ ቁጥር እየፈለጉ ከማበድ ማስተካከያውን እጅ የሚደርስበት ቦታ ማውጣት ይሻላል። ልጁ ማመስገን ትቶ "አፋር ብንጋበዝስ?" አለኝ። አፋር ከተጋበዝክ በረዶ ይዘህ ሂድ አልኩት።

ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ወቅት መጣና መርሳ ላይ አንድ ዘመድ ቤት ሰርግ ተጠራን። ድንኳኑ በቀትር ይፋጃል። ልጁ እጀታዋን "መርሳ" ላይ አድርጎ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ቴስተሩን ሰክቼ አየሁ፤ 4.5፣ ዝንፍ አላለም። አምባሰል ጀመረ። የልኩን ያህል ተበላሸ፤ እንዲህ ያማረ ብልሽት በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ይሄኔ ሞንታርቦውን ያከራየው ጎረምሳ ተነሣና ያገኘውን ማዞሪያ ሁሉ እስከ ጥጉ አዞረው። ጊታሩም፣ ኪቦርዱም፣ ዘፋኙም፣ የድስት ክዳን የሚያንቀጫቅጩት ሴቶችም አንድ ላይ ተቆራርጠው ተሻከሩ። ያለ ትራንዚስተር፣ ያለ ጀርማኒየም፣ ያለ ምርጫ! ስንት ጊዜ ለክተን ያመጣናትን 4.5 ቮልት አንድ ጎረምሳ በአንድ አውራ ጣት ዋጣት። ከዚያም "አባታችን ይመርቁ" ተባለና ማይክሮፎን ሰጡኝ። "ውለዱ፣ ክበዱ" አልኩ፤ በስፒከሩ የወጣው ግን መብረቅ ነው። ሙሽሮቹ ተመረቁ ወይስ ተረገሙ፣ እስካሁን የነገረኝ የለም። አንድ አዛውንት ጆሯቸውን ይዘው "አሚን" አሉ፤ ከፍርሃት ይመስለኛል።

ልጁ ከዚያ በኋላ ለወልዲያና ለውርጌሳ ጓደኞቹ አውርቶ፣ ደጄ የቆርቆሮ ሰልፍ ሆኗል። ስለዚህ ደንቤን በር ላይ ለጥፌያለሁ። አንደኛ፣ ገመዱን ሰክቶ አድሮ "ድንጋዩ አጭበረበረኝ" የሚል አይገባም። ሁለተኛ፣ የቴስተሩን ድንጋይ ሳይቀይር ቁጥር የሚነግረኝ ቁጥሩን ይዞ ይመለስ። ሦስተኛ፣ ከትራንዚስተሬ የሚፈልግ ዋጋውን በዚያው በቪንቴጅ ስሌት ይክፈል፤ ነፃ የሚሰጠው ቆሻሻ በነበረ ጊዜ ነበር። አራተኛ፣ ሞንታርቦ አከራይ ከሆነ ገና ከበር ይመለስ። ተበላሽቶ ሥራ ያቆመ ነገር፣ ምጣድም ይሁን ካውያ፣ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ሰልፍ ሳይይዝ ይግባ፤ ገንዘብም አልጠይቀውም።